ሐረጎ በጠብታ ውስጥ

መብራት ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ሄደ፤
ጄኔሬተሩም ሁለቴ አስሎ በረደ።
ናፍጣ የለም። የጦሳ ጭጋግ መስኮቴ ድረስ ወርዷል፤
አግዳሚው ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ንጋትን ይጠብቃል።

አሮጌውን ማይክሮስኮፕ፣ ባለ መስታወቱን፣
ጋሽ ይርዳው ጡረታ ሲወጣ አደራ ያለኝን፣
ጎህ ሲቀድ ከመደርደሪያው አወረድኩት፤
ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ብርሃን አጠጣሁት።

ጋሽ ይርዳው ቅርጽ ሲያስተምር መጽሐፍ አይገልጥም ነበረ፤
በቤት ዕቃ፣ በኪሱ ኮተት ነው እኛን የመከረ።
«ይቺ በክር የተሰካች ጨሌ ጉሮሮ ታሳብጣለች፤
ይቺ ፊት ለፊት የተቀመጠች የባቄላ ክክ ማጅራት ትገትራለች።
ይቺ የተቆረጠች ጥፍር፣ ጎባጣዋ፣
ተወርዋሪ ኮከብ ናት፣ ዐይን አይደርስባት በሩጫዋ፤
በክረምት የቦርከናን ውሃ ሳያፈላ የጠጣ
ማታ ሲስቅ አምሽቶ ጠዋት ዐይኑ ጎድጉዶ መጣ።
ክብሪቷ ግን፣ የሳንባዋ፣ ቀዩን ቀለም ጠጥታ የማትለቀው፣
እግር የላት፣ ጅራት የላት። ሌላው ነው የሚያስለው፤
እሷ ትሳፈራለች።
ልጄ፣ ሩቅ የሚደርሰው የማይሄደው ነው፣»
ይልና መሐረቡን ያወጣ ነበር።

የዛሬው ሌላ ነው።
ሳላደርቀው፣ ሳላቀልመው፣ ከጣቱ እንደወጣ አየሁት፤
ቀያዮቹ ህዋሶች እንደ ሰኞ ገበያ ሰው ሲገፋፉ አገኘኋቸው።
ማን ነው የሚጋፋው?

ቀጭን። ከላይ እስከ ታች ጥምዝምዝ።
እንደ ብሎን እየዞረ ይገባል፤ አይደክመው፣ አይፈዝ።
ፊትና ኋላ የለውም፤ በመጣበት ይመለሳል፤
ሸሸ ሲሉት ይደርሳል።
የት ነው የማውቀው ይህን መልክ? አልኩ፣
ዐይኔን ከመነጽሩ ነቅዬ ቆየሁ፣ ከዚያ ሳቅኩ።
ሐረጎ ነው!
መታጠፊያ በመታጠፊያ፣ ሆድ የሚያገላብጠው፤
ሰውዬው ይህንኑ ጥምዝምዝ በደሙ ይዞ
ይህንኑ ጥምዝምዝ ወጥቶ መጣ፣ ከኮምቦልቻ ተጉዞ።

ስሙ ሙሄ። በርበሬ ወንዝ ያድራል፣ ብረት ያራግፋል።
«አምስት ቀን ያዘኝ፣ ለቀቀኝ፣ ሥራ ገባሁ፤
በሳምንቱ ደግሞ መጣ። ወላሂ፣ ሄደ ብዬ ነበር።»
አልሄደም ሙሄ፤ ልብስ ሊቀይር ነው።
ደምህ መልኩን ሲለይበት አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይለብሳል፤
ትላንት ያሳደደው ዘብ ዛሬ ሰላም ብሎት ያልፋል።
አንተ ግን ያለህ አንድ ካፖርት፣
የሰልባጅ፣ አመድማ፣ አንድ ቁልፍ የቀረው፣
ስፌቱ ውስጥ ቅማል የሰፈረው።

«ልቀቅልልህ» ስለው በሁለት እጁ ያዘው።
አፈረ መሰለኝ። አላፈረም።
«የኔ ብቻ አይደለም፤ ለሦስት ነው የገዛነው።
ሽበሺ ዘበኛ ነው፣ ማታ ማታ ይለብሰዋል፤
አደም ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ፤ እኔ ሲበርደኝ።
ትላንት ተራው የሽበሺ ነበር። ታመምኩ ብዬ ለቀቀልኝ።»

ሲስተር ሉባባ ፔኒሲሊኑን ወጋች፣ ትንሽ፣ በጥንቃቄ።
«አብሽር፣ አሁን ትንቀጠቀጣለህ፤ እነሱ ሲሞቱ ነው» አለችው።
ተንቀጠቀጠ። አልጋው ከነብረቱ ጮኸ፤
እጇን ደረቱ ላይ እንዳደረገች ሰዓቱ ገፋ።
ለምሳ ሳልወጣ ሁለተኛ ጠብታ አየሁ፤
ገበያው ተበትኗል። ክብ ክቦቹ ብቻ፣ በዝግታ።
የሚጋፋ የለም።

ካፖርቱ ጓሮ በበርሜል ይፈላል።
እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ በኪሴ ወረቀት፣
በወረቀቱ ሽበሺ፣ አደም፤ የአባት ስም የላቸውም።
«ጋሼ፣ የት ወራጅ ነህ?» አለኝ ረዳቱ።
ሰው እየፈለግኩ ነው፣ አልኩት። ሂሳብ ተቀበለኝና ዝም አለ።

ሐረጎ ላይ መኪናው ጭጋጉን እየቦረቦረ ወረደ።
ጠብታው ውስጥ ስምንት ጥምዝ ቆጥሬ ነበር፤
እዚህ ከአምስተኛው በኋላ ጠፋብኝ።
አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንቅልፍ ጥሎት
በየመታጠፊያው ትከሻዬ ላይ ይወድቃል።
ካፖርቱ ይሞቅ ነበር።
አልገፋሁትም።